በሁዳዴ ያስቀረሁት

የሽኝቴ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ። ልጄ የሚሆን አንድ ኃላፊ ተነሥቶ ከወረቀት ላይ፣ "ሲስተር ይርገዱ በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ያለ አንዳች እንከን ያገለገሉ" ብሎ አነበበ። ሰው አጨበጨበ። እኔም ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩ። ቤቴ ገብቼ ጋቢውን ሳወልቅ ግን ያቺ "እንከን" የምትል ቃል ትቆረቁረኝ ጀመር። ልጁ ምን ያድርግ፣ ማኅደሬን ነው ያነበበው። በማኅደሬ ውስጥ ያለውን አብዛኛውን ሪፖርት የጻፍኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለመመስገን አይደለም። የምስጋናውን ድርሻዬን በጋቢ ተቀብያለሁ። የምጽፈው ስለ ሥራዬ፣ ሥራውን ስላስተማረኝ ሰው፣ ከዚያም ስለ አንድ ባልና ሚስት ነው። ሚስትየዋ የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደሟ ነበረ፤ ባልየው ጤነኛ ነበር። የእኔ ሥራ እሱ ጤነኛ ሆኖ እንዲቆይ፣ እነሱም ሳይለያዩ በባልና ሚስት ወግ እንዲኖሩ መርዳት ነበር። አልሆነም። ያልሆነውም በእኔ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ኮምቦልቻ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ ነው። መጀመሪያ መርፌ ክፍል፣ ቀጥሎ ቁስል ማሸጊያ፣ በኋላ የደም ምርመራና ምክር ክፍል መደቡኝ። ያን ክፍል ማንም አይፈልገውም ነበር። ከካርድ ክፍሉ አጠገብ ስለሆነ ወደዚያ የሚገባውን ሰው ሁሉ ወረፋ የያዘው ሕዝብ በዓይኑ ይከተለዋል። እናቴ እንኳ፣ "ምነው ልጄ፣ ሌላ ክፍል የለም?" ብላ ሱባኤ ገብታልኛለች። ደመወዙም ቢሆን ለመርፌ ወጊዋና ለእኔ እኩል ነው፤ ስለ ደመወዝ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

አብዛኞቹ ደንበኞቻችን የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ከፈረቃ ወጥተው፣ ፀጉራቸው ላይ የጥጥ ብናኝ እንደተቀመጠ ይመጣሉ። ከገጠር የወጡ፣ አንድ ክፍል ቤት ለአራት የሚከራዩ ልጆች ናቸው። ውጤታቸውን ሲሰሙ የሚያለቅሱት ጥቂቶች ነበሩ። ብዙዎቹ ሰዓት አይተው፣ "ፈረቃዬ ደርሷል፣ ልሂድ?" ነው የሚሉት። እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ስለነበርኩ ያላለቀሰ ሰው ያልገባው ይመስለኝና እንደገና ከመጀመሪያው እነግረው ነበር።

ከዚህ ዓይነት ሞኝነት ያወጣኝ ጋሽ እንድሪስ ነው። ጋሽ እንድሪስ ከኮምቦልቻ ጎረቤት፣ ከደጋን የመጣ ሰው፣ ጤና ረዳት፣ በማዕረግ ከእኔ በታች ነበር። ሲራመድ ዝግ ብሎ፣ ሲናገር ዝግ ብሎ ነው። ነጭ ጋወኑ ሁልጊዜ አንድ ቁልፍ ይጎድለዋል። የመጀመሪያ ሳምንት ሥራዬን ጥግ ይዞ ሲመለከት ቆየና፣ "የኔ ልጅ፣ አንቺ ታስተምሪያለሽ። እነሱ ግን ሊማሩ አልመጡም" አለኝ። "ታዲያ ምን ሊያደርጉ ነው የመጡት?" ስለው፣ "ቤታቸውን ሊያድኑ" አለ።

በሥራ ቋንቋችን "ዲስኮርዳንት" የምንላቸው ጥንዶች አሉ፤ አንደኛው ቫይረሱ ያለበት፣ ሌላኛው የሌለበት። ከባዱ ሥራ እነሱ ናቸው። ሁለቱም ከታመሙ አብረው ያለቅሳሉ፣ ሁለቱም ነጻ ከሆኑ አብረው ይስቃሉ። ውጤቱ ሲለያይ ግን አንድ አልጋ ላይ ሁለት የተለያየ ፍርድ የተፈረደባቸው ሰዎች ይተኛሉ። ጋሽ እንድሪስ እነዚህን ሲያናግር ከጠረጴዛው ኋላ አይቀመጥም። ሦስት እኩል ወንበሮች ፊት ለፊት ያደርግና አብሯቸው ይቀመጣል። "አንተ የለብህም፣ እሷ አለባት" ሲል አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። "ቫይረሱ ቤታችሁ ገብቷል። ከዛሬ ጀምሮ ለሁለታችሁም አንድ ሥራ ነው የተሰጣችሁ" ነው የሚለው። ከዚያ ዓይኑን የሚጥለው ነጻ በሆነው ላይ ነው። በኋላ ሲያስረዳኝ፣ "የታመመው ፈርቷል፤ የፈራ ይጠነቀቃል። ነጻ ነኝ የሚለውን ነው የምፈራው" ይለኝ ነበር።

እውነቱን ነበር። ነጻ የሆኑት ብዙ ነገር ይሉናል። "የኔ ደም ወፍራም ነው፣ አይቀበለውም።" "እስካሁን ካልያዘኝ ከእንግዲህ አይዘኝም።" "ከሚስቴ ጋር በላስቲክ ከምተኛ ብሞት ይሻለኛል፣ ሴተኛ አዳሪ ናት እንዴ?" የታመሙት ሴቶች ደግሞ ኮንዶሙን ተቀብለው ይሄዱና ባላቸውን "አድርግ" ለማለት አፋቸው አይከፈትም። አንዲት ሸማኔ፣ "እኔው አስጠግቶ ያኖረኝን ሰው ደግሞ እንዲህ አድርግ እንዲያ አድርግ ልበለው?" ብላኛለች።

አንድ የፋብሪካ ባልና ሚስት አስታውሳለሁ። ባልየው ነጻ ነበርና የነጻነት ወረቀቱን በመስተዋት አስገብቶ ከአልጋው በላይ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ሚስትየዋ ማታ ማታ ከዚያ ሥር ትተኛለች። ክፍላችን መጥታ አንገቷን ደፍታ ነገረችን። እኔ ወዲያው ባልየውን ጠርቼ ልገሥጸው ተነሣሁ። ጋሽ እንድሪስ ግን በማግስቱ ቤታቸው ሄደና፣ "ወንድሜ፣ ይቺ ወረቀት ማኅተሟ ደብዝዟል፣ ወስጄ ላሳድስልህ" ብሎ ከነመስተዋቱ ይዞት መጣ። መቼም አልመለሰለትም። ሰውየው በመጣ ቁጥር፣ "አብሽር፣ ማኅተሙን የያዘው ሰውዬ ስብሰባ ላይ ነው" ይለዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ስብሰባ ላይ ነበር።

ከልማዶቹ ሁሉ ግን አሁን አጥንቴን የሚበላኝ አንዱ ነው። የኮንዶሙን ሣጥን ክዳኑን ነቅሎ ጥሎታል። ምክሩን ሲጨርስ ለባልና ሚስቱ የወረቀት ከረጢት ይሰጥና፣ "ውሃ ልቅዳ፣ መጣሁ" ብሎ ጀበና የምታህል ጆግ ይዞ ይወጣል። እኔንም በዓይኑ ጠቅሶ ያስወጣኛል። ስንመለስ ሰዎቹ ከረጢቱን አጥፈው ይዘው ተቀምጠዋል። ስንት እንደወሰዱ አይጠይቅም፣ አይቆጥርም፣ ሣጥኑንም ሰው ፊት አይመለከትም። አንድ የረመዳን ወር ሣጥኑን ጢም አድርጎ ሲሞላ አይቼ ልቀልድበት ፈለግሁ።

"ጋሽ እንድሪስ፣ ይኸን ሁሉ በረመዳን ማን ሊወስደው ነው?"

"ከመግሪብ በኋላ እኮ ሐላል ነው" አለ እየሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ። "ደግሞ ቀኑም ቢሆን፣ የሰውን ጾም አላህ ይቁጠርለት። እኛ ጤና ጣቢያ ነን፤ ሣጥኑ አይጾምም። ወላሂ፣ ጾም ያፈረሰ ሰው ከጾመኛው ይልቅ ያፍራል፤ ያፈረ ሰው ደግሞ አይጠይቅም።"

ሰማሁት፤ በጆሮዬ። ሳቅሁና ረሳሁት።

ከዓመታት በኋላ ወደ ደሴ ተዛወርኩ። እዚያ ክፍሉን በኃላፊነት ያዝኩ። የደሴው አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሪፖርት የሚወድ ሰው ነበር። በዚያው ዓመት የኮንዶም አቅርቦት ይቆራረጥ ጀመር፤ ለሁለት ወር የተላከው በሦስት ሳምንት ያልቃል። አለቃዬ፣ "ለማን ስንት እንደተሰጠ የሚያሳይ መዝገብ ያስፈልጋል" አለ። እኔም ብልጥ ነኝ አልኩና ከመዝገብ በላይ የሆነ ነገር ፈጠርኩ። የእያንዳንዱን ጥንድ ሃይማኖት ጻፍኩ። ለክርስቲያኖቹ ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴን፣ ፍልሰታን ቀንሼ፣ ለሙስሊሞቹ የረመዳንን ቀን ቀንሼ፣ የቀረውን በቁጥር በከረጢት አስሬ መስጠት ጀመርኩ። ሣጥኑን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። አለቃዬ በስብሰባ ላይ፣ "ለሌሎችም ምሳሌ የሚሆን አሠራር" አለኝ።

አሁን ሳስበው ያስቃል፤ እንዲህ ዓይነት ሞኝነት የትም አገር ያለ አይመስለኝም። የሰውን መኝታ በባሕረ ሐሳብ ያሰላሁ ነርስ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ግን የዚያን ጊዜ እንደ ትልቅ ዕውቀት ነበር የታየኝ። አንድ ነገር ደግሞ አልደብቅም። ባሌ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነበር። ብቻዬን የምተኛ ሴት ነበርኩ፤ ሁዳዴ ለእኔ ከምግቡ በስተቀር ምኑም አይከብደኝም። ሰውን ሁሉ በራሴ ነው የለካሁት።

አራጌና ዘነበች የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። ደሴ ዙሪያ አትክልት የሚያለሙ ገበሬዎች ናቸው፤ ካሮትና ጎመን አምጥተው ሰኞ ገበያ ይሸጣሉ። ዘነበች በልጅነቷ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠርታ፣ እዚያው አግብታ፣ የመጀመሪያ ባሏ ሞቶባት ወደ አገሯ የተመለሰች ሴት ናት። አራጌን አግብታ ስታረግዝ በእርግዝና ምርመራ ነው የታወቀው። ልጅቱ በመድኃኒቱ እርዳታ ነጻ ሆና ተወለደች። አራጌም ተመረመረ፤ ነጻ ነው።

አራጌ አጭር፣ ጠይም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። በልጅነቱ ዲያቆን ነበር፤ አሁንም የደብሩ ማኅበር መሪ፣ ሙሴ የሚሉት፣ ነው። በጾም ቀን ቀጠሮ ሲኖረው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አይቀምስም። ውጤቱ እንደተለያየ በነገርኳቸው ዕለት ዘነበች ተነሥታ ነጠላዋን አደገደገችና፣ "እንግዲህ ፍታኝና ልጄን ይዤ ልሂድ" አለችው። እሱ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። "ተቀመጪ እስቲ፣ ሰው ፊት" አለ። ያ ነበር መልሱ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ መፋታት ሲነሣ አልሰማሁም።

ዘነበች ራሷ መድኃኒት አልጀመረችም። በዚያን ዘመን መድኃኒት የሚጀመረው የሰውነት መከላከያ ቁጥር ሲያሽቆለቁል ነበር፤ የእሷ ደግሞ ከፍ ያለ ነው። "ጤነኛ ነሽ፣ ገና ነሽ" እንላታለን። ዛሬ ቢሆን በተመረመረችበት ቀን ነበር የምትጀምረው፤ በትክክል ከወሰደችና ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ከደረሰ ለባሏም አታስተላልፍም። ያኔ ግን በአራጌና በበሽታው መካከል የነበረው ያ ከረጢት ብቻ ነው።

እነሱም ጠንቃቆች ነበሩ። ችግራቸውን ሁሉ ይነግሩኛል። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፤ አማቷ ትመጣለች፣ ልጅ አለች፤ የት ይደበቅ? ከጎተራው ኋላ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ። የተጠቀሙበትንስ? አራጌ ካሮቱ ማሳ ጥግ ቀበረው፤ ውሻ ቆፍሮ አወጣው። ሊሞት ደረሰ በሃፍረት። ከዚያ በኋላ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፈረና በድንጋይ ከደነው። ይህን ሲነግረኝ ዘነበች በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትስቅ ነበር። ከሰፈራቸው ሱቅ መግዛት አይታሰብም፤ ባለሱቁ የልጃቸው የክርስትና አባት ነው። ደሴ ከተማም ቢሆን አራጌን የሚያውቀው ብዙ ነው። ስለዚህ የሚያገኙት ከእኔ፣ በየሦስት ወሩ ነው።

የዚያ ዓመት ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ለሦስት ወር ቀጠሯቸው መጡ። መዝገቡን ገለጥኩ። ሁዳዴው ሳይቀነስ ያዘጋጀሁላቸውን ከረጢት ፊታቸው ላይ ፈትቼ አብዛኛውን መልሼ አወጣሁና፣ "እንግዲህ እስከ ፋሲካ ይኸ አያስፈልጋችሁም፤ ለተቸገሩት ይሁን!" ብዬ ሳቅሁ። አክብሮት መሆኑ ነው። የእናንተን ጾም አውቃለሁ፣ አምናችኋለሁ ማለቴ ነበር። አራጌ ጎንበስ ብሎ፣ "እግዜር ያስፈጽመን ሲስተር" አለ። ዘነበች አፏን ከፈት አድርጋ መልሳ ገጠመችው። አየኋት። የምሥጋና ቃል መሰለኝ። ከረጢቷን ተቀብላ ወጣች።

በሰኔ ተመልሰው መጡ። የአራጌን ጣት ወግቼ ደሙን አንጠበጠብኩ። ጠበቅን። እኔ ስለ ዝናቡ እያወራሁ ነበር። አንዲቷ መስመር ወጣች፣ ይህ የተለመደ ነው። ከዚያ ሁለተኛዋ፣ የቫይረሱ ምልክት፣ ደብዘዝ ብላ፣ ከዚያ ደመቅ ብላ መጣች። በሌላው ዓይነት መመርመሪያ ደገምኩት። ሦስተኛም አደረግሁ።  ሁለቱ እጄን ያያሉ። ከእኔ በፊት አውቀውታል።

"ምን ተፈጠረ?" አልኩ።

አራጌ መሬት መሬት እያየ፣ "ጾሙን ሽረናል፣ ሲስተር" አለ። "እስከ ደብረ ዘይት፣ እስከ ጾሙ እኩሌታ ያዝነው። ከዚያ በኋላ... አልቻልንም። የነበረችን ጥቂት አለቀች።"

"ታዲያ ለምን አልመጣችሁም?"

ይህን የጠየቅሁት እኔ ነኝ። በቁጣ ነው ደግሞ። አራጌ ያን ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ አየኝ።

"በሁዳዴ መጥተን ምን እንበልዎ?"

 እሱ ቀጠለ። "እግዜር ነው የቀጣኝ። በጾሙ ደፈርኩት፣ ቀጣኝ። ይገባኛል።" ዘነበች ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ አላለቀሰችም።

እዚያች ላይ ነው ሥራዬ ሁሉ የሚለካው። "አራጌ፣ እግዜር አይደለም፤ እኔ ነኝ። ከእጃችሁ ላይ ነጥቄ ያስቀረሁት እኔ ነኝ" ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መዝገቡ ግን ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ በእጄ ጽሑፍ፣ በቀንና በቁጥር። አለቃዬ ትዝ አለኝ፣ የስብሰባው ሙገሳ ትዝ አለኝ። "እግዚአብሔር መሐሪ ነው፣ አይዞህ" አልኩት። በእግዚአብሔር ስም ተሸሸግሁ። እነሱ ከወጡ በኋላ ደግሞ ለሪፖርቱ፣ "ደንበኞቹ የተሰጣቸውን ምክር በአግባቡ አልተከተሉም" ብዬ ጻፍኩ። ማንም አልጠየቀኝም። የጾም ስሌቴን በዚያው ሳምንት በጸጥታ ተውኩት፤ ሣጥኑንም ከቁም ሣጥን አወጣሁ። ለምን እንደተውኩት ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ልደብቀው የማልችለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጋሽ እንድሪስ ጡረታ ወጥቶ፣ በስኳር ሕመም እግሩ ተይዞ ኮምቦልቻ ቤቱ ተኝቶ ነበር። ልጠይቀው ሄጄ አጠገቡ ተቀምጬ ሁሉንም አወራሁለት። ሊያጽናናኝ ነበር የጠበቅሁት፤ ሰውን ሲያጽናና ነው የማውቀው። ሰምቶ ሲጨርስ፣ "ለነሱስ ነግረሻቸዋል?" አለኝ።

"አልነገርኩም።"

"ታዲያ ለኔ ምን ታወሪያለሽ?" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትንሽ ቆይቶ፣ "አፉ በይኝ፣ እግሬን አሞኛል" አለ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ጠይቄዋለሁ፤ ያን ነገር አላነሣንም። ሲሞት ቀብሩ ላይ ቆሜያለሁ።

እኔም ሳልናገር ዓመታት አለፉ። አራጌና ዘነበች መድኃኒት ጀመሩ፣ አካላቸው ደህና ሆነ። በየቀጠሮው መጥተው ይወስዳሉ፤ እኔ እሰጣለሁ። ካሮት ያመጡልኛል፤ እበላለሁ። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ አራጌ ከስቶ፣ ግንባሩ በስግደት ጠቁሮ ይመጣል። "ምነው አበዛኸው?" ስለው፣ "ዕዳ አለብኝ ሲስተር" ይለኛል። በጦርነቱ ወራት መድኃኒት ተቋርጦ ሰው በእግሩ ሲንከራተት እነሱን እየፈለግሁ አገኘኋቸው፤ ከየትም ከየትም ብዬ አደረስኩላቸው። ያን ጊዜ አራጌ እጄን ሊስም ጎነበሰ። እጄን አስሳምኩት። ይህን ስጽፍ ያመኛል።

ጡረታ ከወጣሁ በሁለተኛው ወር ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ ከመንገዱ ወርጄ ወደ እነሱ ማሳ በእግሬ ሄድኩ። ሁለቱም ቦዩ ዳር ተቀምጠው ለገበያ የሚወጣ ካሮት ያጥባሉ። አራጌ ተነሥቶ ኩርሲ አመጣልኝ። ልጃቸው ደሴ ያለው ዩኒቨርሲቲ መግባቷን ነገሩኝ። እኔ እንዳልፈራ ብዬ ሳልቀመጥ ጀመርኩት። ከመዝገቡ፣ ከስሌቴ፣ ከረጢቱን ከፈታሁበት ጠዋት፣ ለሪፖርቱ እስከጻፍኩት ቃል ድረስ። "እግዜር አልቀጣህም። የቀጣሁህ እኔ ነኝ" አልኩት።

ዘነበች ካሮቱን ከማጠብ እጇን አላነሣችም።  አራጌ በለስላሳ ድምፅ፣ "ሲስተር፣ ይኸን ባይነግሩኝ ምን ነበር?" አለ።

"እውነቱን እንድታውቀው ብዬ ነው።"

"እኔ እኮ ጨርሼው ነበር። ኃጢአቴ ነው ብዬ ተናዘዝኩ፣ ሰገድኩ፣ ይቅር ተባልኩ። በዚያ ነው የኖርኩት። አሁን ያንተ አይደለም ካሉኝ፣ ያ ሁሉ ስግደት የምን ነበር? ከእግዜር ጋር ታርቄያለሁ። ከእርስዎ ጋር ደግሞ እንደ አዲስ ልጣላ?" ድምፁ ተሰበረ። "የኔ ነው፤ ይተዉልኝ።" ውሃ የነካ እጁን በቁምጣው ጠርጎ፣ ትከሻዬን ሳመና ወደ ማሳው ሄደ። ጀርባውን አየሁት፤ ጎንበስ ብሎ ቅጠል መንቀል ጀመረ።

 ልሄድ ዞርኩ። ዘነበች እስከ መንገዱ ልሸኝዎ ብላ ተከተለችኝ።  አስፋልቱ ዳር ስንደርስ ቆመች።

"ያን ቀን ጥቂት ይጨምሩልኝ ልል ነበር" አለችኝ። "አፌን ከፍቼ ነበር። እርስዎ ሳቁ፤ አፈርኩ።"

"አይቼሻለሁ" አልኩ። አይቻታለሁም።

"እሱ አልነበረም የጀመረው፣ ሲስተር። እኔ ነኝ እጄን የዘረጋሁ። ብርድ ነበር፣ ሆድ ባሰኝ፣ ዘረጋሁ። እሱ አንድ ቀን አላነሣብኝም። የንስሐ አባታችንም ፈትተውኛል። እኔ ግን ራሴን አልፈታሁም። ይኸን ሁሉ ዓመት ቤተ ክርስቲያን ከደጅ ነው የምመለሰው። ሁዳዴ በገባ ቁጥር ከአማቴ ቤት ነው የማድረው። ባሌን የገደልኩ እኔ ነኝ እያልኩ ካሮት አጥባለሁ፣ እያልኩ እጋግራለሁ፣ እያልኩ ልጄን አሳደግሁ።" ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም። "እርስዎ በየሦስት ወሩ ያዩኝ ነበር።"

"ዘነበች፣ ይቅር..."

"ይቅርታውን ይተዉት። ያን እዚያ የተናገሩትን ለሱ ነው የተናገሩት። እሱ አልፈለገውም። እኔ እፈልገዋለሁ። ለኔ ይንገሩኝ፣ ስሜን ጠርተው።"

ነጠላዋን ከጆሮዋ ላይ ገለጥ አደረገች። 

"ዘነበች፣ አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ።"

"ይድገሙልኝ" አለች።

ደገምኩላት። ሚኒባሱ መጣ፤ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ "ደሴ! ደሴ!" አለ። ሁለታችንም አልተንቀሳቀስንም፤ ጥሩምባውን ነፍቶ አለፈን። ዘነበች ጉንጮቿ ላይ እንባዋ እየወረደ፣ እጇን እንኳ አንሥታ ሳትጠርገው፣ "አሁንም" አለችኝ።